አገልግሎት ከጥያቄ ይጀምራል



በቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ዘንድ «አገልጋይ» የሚለው ቃል በብዛት ይነገራል። እገሌ አገልጋይ ነው ሲባል ይዘምራል፣ ይሰብካል ወይም ፕሮግራም ይመራል ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ትልቅ ጉባኤ በሚደረግበት ቀን ገና ሳይነጋ ተነሥታ ውኃ ስትቀዳ፣ እሳት ስታነድድና ድስት ስታጥብ የምትውለውን እናት ግን አገልጋይ ብሎ የሚጠራት የለም። ስለ እርስዋ ስንናገር «ታግዛለች» እንላለን። ቃሉ ከምድጃው አጠገብ ተነሥቶ ወደ ድምፅ ማጉያው መሄዱ ተራ የአነጋገር ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። አገልግሎት ምን እንደሆነ ያለንን አሳብ ያሳያል።

እንግዲህ በዚህች አጭር ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ለማንሣት እወዳለሁ። ሰውን ማገልገል የእምነታችን መግለጫ የሚሆነው መቼ ነው? መልካም ሥራ ሁሉ አገልግሎት ነውን? ብዙ የሰጠ ሰው ብዙ አገለገለ ሊባል ይችላልን? እኔ እስከማስበው ድረስ ለዚህ ጥያቄ መልሱ በእጃችን ከያዝነው ነገር ይልቅ በአፋችን ከምንጠይቀው ነገር ይጀምራል። የሚያገለግለውን ሰው ምን እንደሚፈልግ ሳይጠይቅ የሚያገለግል ሰው፣ ሳያውቀው የአገልጋይን ስም ይዞ በጌታ ወንበር ተቀምጧል።

ይህን ስል «የተራበን ለማብላት፣ የታረዘን ለማልበስ ጥያቄ ምን ያስፈልጋል?» የሚል ወንድም እንደሚኖር አውቃለሁ። ነገር ግን አባቶቻችን ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ተረት አላቸው። በዚህ ተረት የሚተቸው ሰነፍ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ትጉህ ነው። ጥፋቱ ትጋቱ ከባለጉዳዩ ሳይሆን ከራሱ መነሣቱ ነው።

የጌታችንን ምሳሌ እንመልከት። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 መጨረሻ ላይ የጤሜዎስ ልጅ በርጤሜዎስ የሚባል ዕውር በኢያሪኮ መንገድ ዳር ተቀምጦ ሲለምን እናገኘዋለን። ጌታ በዚያ ማለፉን በሰማ ጊዜ ጮኸ፤ ብዙዎች ግን ዝም እንዲል ገሠጹት። ጌታም ቆመ፤ አስጠራው፤ ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግም ጠየቀው። ይህ ጥያቄ ላስተዋለው ሰው የሚያስገርም ነው። ዕውር ምን እንደሚፈልግ ማን ይጠፋዋል? ልብን የሚያውቅ ጌታ ይህ እንዴት ይሰወረዋል? ሆኖም ያ ሰው በመንገድ ዳር የኖረው ሌሎች ስለ እርሱ እየወሰኑ ነበር። የሚሰጠው ሳንቲም ይጥልለታል፤ የሚጠየፈው አልፎት ይሄዳል፤ የሚቆጣው ዝም በል ይለዋል። ጌታ ዓይኑን ከማብራቱ አስቀድሞ ሕዝቡ የዘጋውን አፉን ከፈተለት። ከፈውሱ በፊት የሰጠው ነገር ቢኖር ስለ ራሱ የመናገር ክብር ነው።

ይህ ታሪክ ባለቀበት ምዕራፍ 11 ይጀምራል፤ እርሱም የሆሣዕና ታሪክ ነው። ቀድሞ ዋቸሞ ይባል የነበረው ከተማችን የዛሬ ስሙን ያገኘው ከዚሁ በዓል ስለሆነ፣ ይህን ክፍል እንደ ቤታችን ታሪክ ብናነበው አይበዛብንም። ልብ እንበል! ከኢያሪኮ ጀምሮ ጌታን አጅቦ የወጣው ሕዝብ ለማኙን ዝም በል ያለው ሕዝብ ነው። ትንሽ ቆይቶ በኢየሩሳሌም መንገድ ልብሱን እያነጠፈ፣ ቅርንጫፍ እየቆረጠ የዘመረውም ጌታን የሚያጅብ ሕዝብ ነው። እንግዲህ ለጌታ መዘመርና ድሃውን ዝም ማሰኘት በአንድ መንገድ ላይ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ ማለት ነው። ይህ ለመዘምራን ሁሉ፣ ለእኛም ጭምር፣ ማስጠንቀቂያ ነው። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ማታ ደግሞ ጌታ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ (ዮሐንስ 13)። እግር ማጠብ በዚያ ዘመን የባሪያ ሥራ ነበር። ከእሑዱ ዝማሬ ይልቅ እንድንከተለው ምሳሌ አድርጎ የተወልን የሐሙሱን ውኃ ነው።

የዚህን ትምህርት ምሳሌ ከሩቅ አገር መፈለግ አያሻንም። ከምባታ ውስጥ ዛቶ በምትባል መንደር የተወለዱት ቦጋለች ገብሬ በልጅነታቸው ሴት ልጅ ትማር የሚል ሰው አልነበረም። እርሳቸው ግን ውኃ ልቀዳ ብለው ከቤት እየወጡ ፊደል ይቆጥሩ ነበር። በኋላም በኢየሩሳሌም፣ ቀጥሎም በአሜሪካ ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1997 ከእኅታቸው ጋር ሆነው «ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ ቶፔ» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ትርጉሙም የከምባታ ሴቶች በአንድነት ሲቆሙ እንደ ማለት ነው። በልባቸው ይዘውት የመጡት ጉዳይ የሴት ልጅ ግርዛት፣ የጠለፋ ጋብቻና የኤድስ በሽታ ነበር። ግርዛቱ በራሳቸውም ላይ የደረሰ ስለሆነ ሕመሙን ከመጽሐፍ የተማሩት አልነበረም።

ታዲያ ከየት ጀመሩ? በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቆመው ስለ ኤድስ ተናገሩ። በዚያን ጊዜ ስለዚህ በሽታ በአደባባይ መናገር እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ሕዝቡ ሳያምናቸው ቃላቸው እንደማይገባ ቦጋለች ተረዱ፤ የሕዝቡንም ችግር ማዳመጥ ያዙ። ሕዝቡን የቸገረው ድልድይ ነበር። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎችም ወደ ገበያ የሚሻገሩበት አልነበራቸውም። ቦጋለችም «እኔ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው» ብለው አልመለሱአቸውም፤ ድልድዩ እንዲሠራ አደረጉ።

ድልድይ ከግርዛት ጋር ምን አገናኘው? ለሚቸኩል ሰው የጊዜ ብክነት ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ወንዝ ላይ ከእንጨትና ከድንጋይ የበለጠ ነገር ተሠርቷል። ሕዝቡ ያቺ ሴት ልትሰማው እንደምትችል አየ። የተሰማ ሰው ደግሞ መስማት ይችላል። ከዚያ በኋላ በየቀበሌው ሽማግሌዎች፣ እናቶችና ወጣቶች በአንድነት ተቀምጠው ይወያዩ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያልተገረዘች ሙሽራ ይህንኑ በግልጽ አስታውቃ በብዙ እንግዳ ፊት ተዳረች። በ1997 ዓ.ም በሥራ ላይ የዋለው የአገሪቱ የወንጀል ሕግም የሴት ልጅ ግርዛትን ወንጀል አድርጎ ደነገገ። ሕግ መኖሩ መልካም ነው፤ ሆኖም ቅጣትን የሚፈራ ሰው ምላጩን ሊደብቅ ይችላል፤ አምኖበት እንዲጥለው የሚያደርገው ግን መነጋገር ነው። ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ2013 የቤልጅግን የንጉሥ ቦድዋን ሽልማት ተቀብለዋል፤ በ2012 ዓ.ም አርፈዋል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «አገልግሎት የተጠየቀውን ማድረግ ከሆነ፣ ሕዝቡ የጠየቀው ድልድይ ነው እንጂ ግርዛት ይቅርልን አላለም። ታዲያ በሕዝቡ ጥያቄ ብቻ ብንሄድ ኖሮ ሴት ልጆቻችን እስከ ዛሬ በምላጭ ሥር አይሆኑም ነበርን?» የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት አለበት። መልሱ የሚገኘው «ሕዝቡ ማነው?» ብለን ስንጠይቅ ነው። በሽማግሌዎች መካከል የተናገረው አባት ሕዝብ ነው፤ ከጓዳ ሆና የምትሰማው የአሥር ዓመት ልጅስ ሕዝብ አይደለችምን? እርስዋን ማን ጠየቃት? በኢያሪኮም ቢሆን ሕዝቡ ቢጠየቅ ኖሮ የሚመልሰው ያ ለማኝ ዝም እንዲል ነበር። ጌታ የብዙኃኑን ጩኸት ተከትሎ አልሄደም፤ ቆሞ ዝም በል የተባለውን አስጠራ። ስለዚህ የአገልጋይ ጥያቄ በመጀመሪያ ላገኘው ሰው ብቻ የሚቀርብ አይደለም። በቤቱ፣ በመንደሩ፣ በጉባኤውም ውስጥ ማን አፉ እንደተዘጋ ይፈልጋል፤ ለዚያም ሰው ጊዜ ይሰጠዋል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የተበደለ ሰው ዝምታ ግን ውስጥ ለውስጥ ይነቅዛል።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። በ1964 ዓ.ም የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊዋ በነበሩበት ጊዜ፣ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤው ወንጌልን በማወጅና በሰው ልጅ ልማት መካከል ስላለው ግንኙነት የሚናገር ነበር። በውጭ አገር ያሉ ረጂ አብያተ ክርስቲያናት ለልማት ፕሮጀክቶች ገንዘብ በሰፊው ይሰጡ ነበር፤ ለወንጌል ሥራና ለምእመናን ማነጽ ግን እጃቸው ይጨበጥ ነበር። መመዘኛውንም የሚያወጡት እነርሱ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ያለችው በአጭሩ፣ ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ የማይከፈል አንድ ሙሉ ሰው ነው፤ የሚያስፈልገንን እናንተ ብቻ ልትወስኑልን አይገባም የሚል ነው። ይህ ቃል በዋዛ አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ፌዴሬሽኑ በዚሁ ጉዳይ ናይሮቢ ላይ ጉባኤ አደረገ። ቄስ ጉዲና በሐምሌ 1971 ዓ.ም በደርግ መንግሥት ተገደሉ።

ይህን ታሪክ ሳስብ የሚደንቀኝ የተናገረው ተቀባዩ መሆኑ ነው። የሚቀበል ሰው ብዙውን ጊዜ አመስግኖ ዝም እንዲል ይጠበቅበታል። ስንዴ የለመነ ሰው ዘይት ቢሰጠውም «ይስጥልኝ» ይላል፤ ሌላ ቢናገር ምስጋና ቢስ ይባላልና። እነዚያ ሰዎች ግን ወዳጅን ማክበር ማለት እውነቱን መንገርም ጭምር መሆኑን አሳዩ። አንድ ነገር እንጨምር፦ የምናገለግለው ሰው «ይህ አይጠቅመኝም» ብሎ ያለ ፍርሃት ሊነግረን የማይችል ከሆነ፣ በእኛና በእርሱ መካከል ገና ፍቅር አልተጀመረም።

በከተማችን በዚህችው ቤተ ክርስቲያን የተቋቋመው መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ለዚህ ሌላ ምስክር ነው። መስማት የማይችል ልጅ ፊት ቆሞ ድምፅን ከፍ አድርጎ መጮህ ምንም አይፈይድም። አስተማሪው አስቀድሞ ራሱ ይማራል፤ እጆቹን ከተማሪው እጆች ጋር ያስማማል። ማለትም አገልጋዩ በሌላው ቋንቋ መንተባተብን ይቀበላል። ሰውን ማገልገል ሁሉ ይህን ይመስላል። የማናውቀውን ቋንቋ እንደ ሕፃን መማር ነው፤ የአረጋዊ ቋንቋ አለ፣ የታማሚ ቋንቋ አለ፣ ያዘነ ሰው ቋንቋም አለ።

«እሺ፤ ደጉ ሳምራዊ ግን የቆሰለውን ሰው ጠይቆት ነበርን?» ትሉኝ ይሆናል። አልጠየቀውም። ሰውየው ሊሞት የተቃረበ ስለነበር ቁስሉ ራሱ ተናግሯል። ደም የሚፈሰው ሰው ፊት ቆሞ ምክር ማብዛት ስንፍና ነው። ይሁን እንጂ ሳምራዊው ዘይትና ወይን አፍስሶ አልጠፋም። በራሱ አህያ ላይ አስቀመጠው፤ እንግዳ ማረፊያ አደረሰው፤ ገንዘብ ከፍሎም እንደሚመለስ ነገረ። የሚመለስ ሰው ነገ ሊጠየቅም ሊጠይቅም ይችላል። አንድ ጊዜ ሰጥቶ የሚሄድ ግን የሰጠው ነገር ጠቀመ አልጠቀመ ሳያውቅ ይኖራል።

ደግሞም አገልግሎታችን ወጥመድ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። «ብንረዳቸው ወደ እኛ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ» ብለን ዱቄት የምንሸከም ከሆነ፣ የሸጥነው ዱቄት እንጂ የሰጠነው ፍቅር የለም። ዋጋውን በነፍሱ አስከፍለነዋልና። ጌታ አሥር ለምጻሞችን ሲያነጻ ለማመስገን የተመለሰው አንዱ ብቻ ነበር (ሉቃስ 17)። ጌታ ዘጠኙ ወዴት እንዳሉ ጠየቀ፤ ነገር ግን ባለመመለሳቸው ለምጻቸው ተመለሰባቸው የሚል አላነበብንም። እምነታችንን መግለጥ አለብን፤ መሰወር አይገባንም። ሆኖም እምነታችን የሚገለጠው ከሰውየው ምንም ሳንጠብቅ ሰውየውን ራሱን በመውደዳችን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር እንምጣ። ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄዳቸውን የማያውቅ በመካከላችን የለም። መንገዱ ምን ያህል እንደሚያስከፍልም እናውቃለን። በመጋቢት 2012 ዓ.ም በሞዛምቢክ፣ ቴቴ በምትባለው አውራጃ፣ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ የተነገረላቸው 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ። እንዲህ ያለ ወሬ በተሰማ ቁጥር በየቤቱ እናቶች ስልክ ይዘው ያልደወለውን ልጅ ይቆጥራሉ። የደረሰውና የሠራው ደግሞ ገንዘብ ይልካል፤ ያማረ ቤት ይሠራል። በዚያ ባማረ ቤት ውስጥ ግን አንዳንድ ጊዜ አንዲት አረጋዊት ብቻቸውን ይኖራሉ።

እንበልና የእኛ የወጣቶች ኅብረት እኒህን እናት ሊጠይቅ ሄደ። ስኳርና ሳሙና ይዘናል። ሁለት መዝሙር ዘመርን፤ ጸለይን፤ በስልካችን ፎቶግራፍ አነሣን፤ ተነሥተን ወጣን። ሥራው መልካም ነው፤ ማንም ክፉ ነው አይልም። ነገር ግን ስኳር እኒህ እናት የጎደላቸው ነገር ነውን? ልጃቸው ይልክላቸው የለምን? ብንጠይቃቸው ኖሮ ምናልባት ጀሪካን የሚሸከምላቸው ጎረምሳ እንደሌለ፣ እንሰቱን የሚተክልላቸው ሰው እንዳጡ፣ ወይም ሌሊት ሌሊት ስለ ልጃቸው የሚፈሩትን ነገር የሚሰማቸው ሰው እንደሚፈልጉ ይነግሩን ነበር። ምናልባትም ይህን ሁሉ ትተው «እስቲ ቁጭ በሉ፤ ቡና ላፍላላችሁ» ይሉ ነበር። ያንን ቡና መጠጣትም አገልግሎት ነው። ጴጥሮስ እግሩን መታጠብ አልፈልግም ባለ ጊዜ ጌታ የነገረው ይህንኑ ነው። መቀበል የማይችል ሰው ከሚሰጠው ሰው ጋር ዕድል ፈንታ የለውም። እኒያ እናት ቡና ሲያፈሉልን ከተረጂነት ወደ አስተናጋጅነት ይመለሳሉ፤ ቤታቸውም እንደገና ቤት ይሆናል።

ስለዚህ ለእኛ ለሆሳዕና፣ ለዱራሜና በአካባቢው ላሉ ከተሞች የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ሦስት ነገር ላሳስብ።

አንደኛ፤ የጥየቃ ፕሮግራም ስናወጣ ገንዘብ ከማዋጣታችን በፊት ሁለት ሰው ልከን እናስጠይቅ። ምን እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። ከቤቱም ውስጥ ዝም ያለው ማን እንደሆነ ልብ እንበል፤ ለዚያም ሰው ጊዜ እንስጠው።

ሁለተኛ፤ የተነገረን ሥራ ዝቅ ያለ ቢመስለን አናፍርበት። በእኛ አካባቢ ውኃ መቅዳትና ዕቃ ማጠብ የሴት ሥራ ተብሎ ይታሰባል። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጀሪካን ተሸክሞ በመንደር መካከል ሲያልፍ ሊሳቅበት ይችል ይሆናል። እግር ማጠብም በጴጥሮስ ፊት እንዲሁ አሳፋሪ ነበር። እኅቶቻችን ዘወትር የሚሸከሙትን አንድ ቀን መሸከም ካሳፈረን፣ የሚያሳፍረን ጀሪካኑ ሳይሆን ወንጌሉ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ሦስተኛ፤ እንመለስ። አሥር ቤት አንድ ጊዜ ከመጎብኘት አንድን ቤት አሥር ጊዜ መጎብኘት ይሻላል። በመጀመሪያው ቀን የሚነገረን የጨዋ ንግግር ነው፤ «ምንም አልጎደለብኝም፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ይባላል። እውነተኛው ጉዳይ የሚወጣው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ መታመናችን ከታየ በኋላ ነው።

ወገኖቼ፤ ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ ለተራበ ወንድም መልካም ቃል ብቻ ሰጥቶ የሚያሰናብተውን ሰው ይወቅሳል። ያለ ሥራ የሆነ እምነት የሞተ መሆኑን ከእርሱ ተምረናል። ጳውሎስ ደግሞ በ1ኛ ቆሮንቶስ 13 ያለውን ሁሉ ለድሆች ያካፈለ ሰው እንኳ ፍቅር ከሌለው ምንም እንደማይጠቅመው ይነግረናል። እነዚህ ሁለቱ አይጣሉም። አንደኛው ቃል ብቻ ይዞ የሚሄደውን፣ ሁለተኛው ዕቃ ብቻ ይዞ የሚሄደውን ይመልሱታል። ወዴት ይመልሱታል ቢባል፣ ወደ ሰውየው ፊት ነው። ፊት ለፊት ቆሞ፣ ዓይኑን እያየ፣ «ምን ላድርግልህ?» ብሎ ወደሚጠይቅበትና መልሱን እስኪሰማ ወደሚቆይበት ቦታ ነው።

በሚመጣው እሑድ ከመዝሙሩ በኋላ ከምድጃው አጠገብ ወዳሉት እናቶች ቀርበን ምን እናግዝ ብለን ብንጠይቅስ? ምናልባት «ድስቱን እጠቡ» ይሉን ይሆናል። ይህ ከሆነ እጃችንን ሰብሰብ አድርገን እንጠብ። በዚያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን ስንት አገልጋይ እንዳላት ቆጥረን ልንደነቅ እንችላለን።

እግዚአብሔር የሚጠይቅ አፍ፣ የሚሰማ ጆሮና የሚታዘዝ እጅ ይስጠን። አሜን።